ሳተላይት እያለ ኦዞንን ከመሬት መለካት ለምን አልቀረም?

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የሞኝ ከመሰለ ታገሡኝ።

ሳተላይቶች ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ የኦዞን ሽፋንን በየቀኑ ከላይ ሆነው ይለካሉ። ሰሞኑን ሳነብ ግን ዛሬም ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ሳጥን ደጅ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያነጣጥሩ ሰዎች እንዳሉ አየሁ። ንድፉ የ1920ዎቹ ነው። ሰውየው ክብ ሰሌዳ ያዞራል፣ ቁጥር ያነባል፣ ይጽፋል። በቃ።

ይሄ ልማድ ሆኖ ነው ወይስ እውነት ያስፈልጋል?

ዶብሰን ጠባቂ
እህቴ፣ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። በጀት የሚመድቡልን ሰዎችም ይህንኑ ነው የሚጠይቁን። እኔ ያንን ሰሌዳ ከሚያዞሩት አንዱ ነኝ። ስለዚህ ወገንተኛ መሆኔን አስቀድሜ ልናገር።

መጀመሪያ ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ። ኦዞን አልትራቫዮሌትን ይውጣል፤ ሁሉንም ግን እኩል አይውጥም። 305 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አጥብቆ ይይዛል። 325 አካባቢ ያለውን በአብዛኛው ይለቀዋል። ሳጥኑ በስሙ «ዶብሰን» የተባለለት ሳይንቲስት ጎርደን ዶብሰን ኦክስፎርድ ሆኖ ያሰበው ይህንን ነው፦ ሁለቱን ጨረሮች ነጥሎ እርስ በርስ ማነጻጸር። አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደተዳከመ ካወቅሽ፣ በመሃል ስንት ኦዞን እንዳለ ታውቂያለሽ። ጥበቡ ማነጻጸሩ ላይ ነው። ስስ ደመና ወይም ጭጋግ ቢመጣ ሁለቱንም አብሮ ስለሚያደበዝዝ ውጤቱን ብዙም አይነካውም። ለቀረው ጭጋግ ደግሞ ሌላ ጥንድ ሞገድ (የጨረር ዓይነት) ጨምረን እናጣፋዋለን።

ከራስሽ በላይ ያለውን ኦዞን በሙሉ ሰብስበሽ፣ በባሕር ወለል ግፊትና በዜሮ ዲግሪ ብታነጥፊው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ያ 300 የዶብሰን አሃድ ይባላል። አንዱ አሃድ የሚሊሜትር መቶኛ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሳተላይት ላይ የፀሐይን ብርሃን ለማነጻጸሪያ የሚበትን ሳህን አለ። ሳህኑን ፀሐይ እየመታው ይጠቁራል። ማን ወጥቶ ይወልውለው? ኒምበስ 7 በተባለው የናሳ ሳተላይት ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሳተላይቱ ዳታ «ኦዞን በዓለም ዙሪያ በፍጥነት እየቀነሰ ነው» አለ። ስንቱ የኦዞኑ መቀነስ፣ ስንቱ የሳህኑ መጥቆር እንደሆነ ከሳተላይቱ ብቻ መለየት አይቻልም ነበር። በ1988 ነገሩን የመረመረው የባለሙያዎች ቡድን መሬት ላይ ያሉትን ዶብሰኖች ይዞ ለየው። መቀነሱ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ መጠኑ ግን ሳተላይቱ ካለው ያነሰ ነበር።

ሳተላይት ደግሞ ዕድሜ አለው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል፤ የሁለቱ ቁጥር አይገጥምም። ሁለቱን የሚሰፋው ክር መሬት ላይ ነው ያለው።

ተጠራጣሪው ቶማስ
ጋሼ፣ ጥሩ ብለዋል፤ ግን ሁለት ነገር አልተነካም።

አንደኛ፣ የናሳ ኮምፒውተር የአንታርክቲካን ቀዳዳ አይቶ «ስህተት ነው» ብሎ ዳታውን ጣለው ይባላል። እውነት ነው? ሁለተኛ፣ ዶብሰን ራሱ በ1956 ከዚያው ከአንታርክቲካ በመጣ ንባብ ላይ ዝቅተኛ ኦዞን አይቷል። ያኔ ኦዞንን የሚጎዳው ሲኤፍሲ የሚባል ጋዝ ያለበት ማቀዝቀዣውም ስፕሬዩም እንደ ኋላው አልተስፋፋም። ታዲያ ቀዳዳው ጥንትም የነበረ ነገር ቢሆንስ?

ቁጥር ወዳድ
ቶማስ፣ ሁለተኛውን ለእኔ ተወው። ይሄ ነገር በየመድረኩ ስለሚዞር መልሱ ጣቴ ላይ ነው።

ሃሌይ ቤይ የተባለው የእንግሊዞች ጣቢያ መለካት የጀመረው በ1956 ነው፤ ለ1957–58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዝግጅት። ዶብሰን ሰሜን ዋልታ አካባቢ ካለችው የስፒትስበርገን ደሴት ልምድ ተነስቶ በደቡቡ ጸደይ 450 አካባቢ ጠብቆ ነበር። የመጣው ወደ 150 አሃድ ያህል ያነሰ ነው። ኅዳር ላይ በድንገት ሽቅብ ወጣ። ያ የንፋስ ነገር ነው። ክረምቱን ሙሉ አንታርክቲካን የሚከብበው አዙሪት ከሰሜኑ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ፣ እስኪፈርስ ድረስ በኦዞን የበለጸገ አየር አያስገባም። ዶብሰን ያየው ያንን ነው።

ልብ በል፣ 300 ነው እንጂ 150 አይደለም። ዛሬ «ቀዳዳ» የሚባለው ከ220 በታች ሲሆን ነው። እዚያው ሃሌይ፣ በዚያው ዓይነት መሣሪያ፣ የጥቅምት አማካይ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ200 በታች ወርዷል። ደግሞ ይህን ማለት የቻልነው የ1956ቱ ቁጥር ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው። ባይኖር ኖሮ ያንተን ጥያቄ የሚመልስ አይገኝም ነበር።

ዶብሰን ጠባቂ
ቁጥር ወዳድ እንዳለው ነው። አንደኛው ጥያቄ ግን ደስ ይላል፤ ምክንያቱም መልሱ ለእኛም ለመሬቶቹ አያደላም።

ኮምፒውተሩ አልጣለውም። ከ180 በታች የመጣ ቁጥር ሁሉ «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ተደረገበት እንጂ ተቀምጧል። ሰዎቹም አይተውታል። ለማረጋገጥ ምን አደረጉ መሰለህ? ደቡብ ዋልታ ጣቢያ ላይ ያለው ዶብሰን ምን ይላል ብለው አዩ። 300 ገደማ ይላል። በኋላ ሲጣራ የዋልታው ንባብ ነበር የተሳሳተው፤ መሣሪያው ሞገዱ ላይ በትክክል አልተስተካከለም። አየህ፣ መሬት ላይ መሆን ብቻውን አያድንም።

የሃሌይን ንባብ የሚመረምሩት ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ነበሩ። ሻንክሊን በእጅ የተጻፉ የዓመታት ንባቦችን ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ሥራ ተሰጠው። መጀመሪያ ያሰበው ለጎብኚዎች «ይኸው የዘንድሮ ኦዞን ከድሮው አይለይም፣ አትሥጉ» ብሎ ለማሳየት ነበር። ሲያወዳድረው ይለያል። ፋርማን በበኩሉ መሣሪያው አርጅቶ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ሌላ መሣሪያ ተላከ። አዲሱም ያንኑ አለ። ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ የነበረው የአርጀንቲን ደሴቶች ጣቢያም መቀነስ ያሳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ግንቦት 1985 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት። ኦዞንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚገታው ስምምነት፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ የተፈረመው መስከረም 1987 ነው። ሁለት ዓመት ከምናምን! ዲፕሎማት የሚባል ፍጥረት እንዲህ ሮጦ አያውቅም።

ጃፓኖቹም አንታርክቲካ ባለው ሾዋ ጣቢያቸው ላይ ያንኑ መቀነስ አይተው በ1984 ግሪክ በተደረገ ስብሰባ ላይ አቅርበዋል። ያኔ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ስማቸው አብሮ ቢነሳ ይገባቸዋል።

ጀማሪዋ
ጋሼ፣ እዚህ ላይ ተጣበቅሁ። ሳተላይቱን በእርስዎ መሣሪያ ያርሙታል። የዋልታው ዶብሰን ግን ራሱ ተሳሳተ። ታዲያ የእርስዎን ማን ያርመዋል? ያንንስ የሚያርመውን?

የማታ ተረኛ
እንደ ተረቱ ነው፤ ምድር በኤሊ ላይ፣ ኤሊውም በሌላ ኤሊ ላይ፣ ኤሊዎቹ እስከ ታች ድረስ ናቸው 😀

ዶብሰን ጠባቂ
የማታ ተረኛ ቀልደሃል፤ ኤሊው ግን አንድ ቦታ ላይ ያበቃል። የመጨረሻው ኤሊ ቁጥር 83 ይባላል።

የኔ መሣሪያ በጥቂት ዓመታት አንዴ ተጭኖ ይሄዳል፤ ከአካባቢው ዋቢ መሣሪያ ጎን ቆሞ ሁለቱ አንድ ፀሐይ ያያሉ። ያ ዋቢ መሣሪያ ደግሞ በተራው ከዓለም ዋቢው ጋር ይገጥማል። የዓለም ዋቢው ዶብሰን ቁጥር 83 ነው፤ የሚጠብቁት ቦልደር ኮሎራዶ ያሉ የኖዋ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) ሰዎች ናቸው። ቁጥር 83ን ግን ሌላ መሣሪያ አያርመውም። ሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ ይወስዱታል። እዚያ አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ኦዞኑም በግማሽ ቀን ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ረጅም አየር ያቋርጣል። ከፍ ስትል ያጥራል። ንባቡን ከአየሩ ርዝመት ጋር በወረቀት ላይ ስትስዪው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። መስመሩን አየሩ ዜሮ እስከሚሆንበት ድረስ በማስመሪያ ታረዝሚዋለሽ። የምታገኚው ቁጥር መሣሪያው ከከባቢ አየር ውጭ ቢሆን ኖሮ የሚያነበው ነው። ጠፈር ሳትወጪ ጠፈር ደረስሽ። ላንግሊ ዘዴ ይባላል። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ እንደሱ የማደንቀው ነገር የለም።

በቀረው ጊዜ ያለው ጥበቃ ተራ ነው። በየወሩ በሜርኩሪ መብራት ሞገዱ ቦታው ላይ መሆኑን ማየት። በታወቀ መብራት ማነጻጸር። ውስጡ እርጥበት እንዳይገባ ማድረቂያውን መቀየር። ሰዓት ማረም።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ፣ ጉዴን ልንገራችሁ። አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ኦዞን ይበዛል፣ ከሰዓት በኋላ ያንሳል። በየቀኑ! አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ልቤ ቆሟል። ግኝት ብዬ ልጽፍ ሁሉ አስቤ ነበር። ለካ የክፍሉ ሰዓት አራት ደቂቃ ቀድሟል። ፀሐይ የት እንዳለች የምናሰላው ከሰዓቱ ነው። ሰዓቱ ሲቀድም ጠዋት ላይ ስሌቱ ፀሐይን ከእውነቱ ከፍ ያደርጋታል፤ ብርሃኑ ያቋረጠው አየር አጭር ይመስላል፤ ስለዚህ ኦዞኑ ይጋነናል። ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል። እኩለ ቀን ላይ ምንም አይታይም። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ስህተቱ እስከ አምስት በመቶ ድረስ ይሄዳል። ሰዓቱን የማረም ተራው የኔ ነበር፤ ሌላ የምከስሰው የለኝም።

ቁጥር ወዳድ
ይሄ አምስት በመቶ ለምን እንደሚያስፈራ ላክልበት። ከዋልታዎቹ ውጭ፣ ከ60 ዲግሪ ደቡብ እስከ 60 ዲግሪ ሰሜን፣ ጠቅላላ ኦዞን ከ1996 እስከ 2020 ያገገመው በአሥር ዓመት 0.3 በመቶ ገደማ ነው። የስህተቱ ወሰንም ያንኑ ያህል ነው። ዛሬም ከ1964–1980 አማካይ በሁለት በመቶ ገደማ ያንሳል። እና አንድ መሣሪያ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ በመቶ ቢንሸራተት፣ የምንፈልገውን ነገር ሦስት እጥፍ ይውጠዋል። የተንሸራታች ሚዛን ላይ ፀጉር መመዘን ነው።

ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። በ2022 የወጣው የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትና የተመድ አካባቢ ፕሮግራም ግምገማ እንደሚለው፣ አሁን ያለው ፖሊሲ ከቀጠለ ኦዞን ወደ 1980 ደረጃው የሚመለሰው በአብዛኛው ዓለም በ2040፣ አርክቲክ ላይ በ2045፣ አንታርክቲካ ላይ በ2066 ገደማ ነው። ያን የሚያየው የሳተላይት ስብስብ ገና አልተሠራም።

ፊኛ ለቃቂ
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ጠቅላላው ድምር ነው። እኔ ደግሞ የት ከፍታ ላይ ስንት አለ የሚለውን ነው የምሠራው። ድምሩ ላይ ለውጥ ባይታይ እንኳ፣ ላይኛው ጨምሮ ታችኛው ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ደግሞ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። ላይኛው ስትራቶስፌር (ኦዞኑ የተከማቸበት የአየር ንብርብር የላይኛው ክፍል) ከሲኤፍሲ የሚመጣው ክሎሪን መቀነሱን ቶሎ ያሳያል፤ ማገገሙም በግልጽ የታየው እዚያ ነው።

መሣሪያችን እፍኝ የምታህል ነች። ትንሽ ፓምፕ አየሩን ፖታሲየም አዮዳይድ በተሟሟበት ውኃ ውስጥ ታሳልፈዋለች። ኦዞን ሲገባ ኬሚካሉ ይለወጣል፤ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ ቁጥሩ በሬዲዮ ወደ እኛ ይወርዳል። ፊኛው ከ30 ኪሎሜትር በላይ ወጥቶ ይፈነዳል። ጀርመን ሆሄንፓይሰንበርግ ከ1967፣ ስዊዘርላንድ ፓየርን ከ1968 ጀምሮ ይህንን ሳያቋርጡ ይለቃሉ። በሐሩር ክልል ያሉ ጣቢያዎች ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ሻዶዝ በሚባለው መረብ ተያይዘዋል፤ ናይሮቢ አንዷ ነች።

የእኛም ጣጣ አለን። የሟሟው ውፍረት ትንሽ ቢቀየር፣ የመሣሪያው አምራች ቢለወጥ፣ መስመሩ ላይ ደረጃ ይፈጠራል። አሁን የድሮዎቹን በረራዎች አንድ በአንድ መልሰን እያሰላን ነው። አሰልቺ ነው። ግን ደስ ይላል።

እና ጋሼ፣ ዶብሰንም ከፍታን በመጠኑ ይለያል አይደል? ኡምኬር የሚሉት?

ዶብሰን ጠባቂ
አዎ። ፓውል ጎትዝ በ1929 ስፒትስበርገን ላይ ያገኘው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከራስህ በላይ ካለው ሰማይ የሚወርደውን ብርሃን ታነጻጽራለህ። የሁለቱ ሞገዶች ንጽጽር በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ሲሄድ ድንገት ይገለበጣል። የተገለበጠበት መንገድ ኦዞኑ በየት ከፍታ እንደተከማቸ ይናገራል። ስሙም «መገልበጥ» ማለት ነው፤ ጀርመንኛ ነው።

ጎትዝን ካነሳን፣ አሮሳ የሱ ነች። ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለች የሳምባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚያገግሙባት መንደር ነበረች። በ1921 ጣቢያውን ያቋቋመው የተራራው ብርሃንና አየር ለሕሙማኑ ምን እንደሚያደርግ ለማጥናት ነው። ስለ ክሎሪን ማን ያስብ ነበር? ኦዞን መለካት የጀመሩት በ1926። በዓለም ረጅሙ የጠቅላላ ኦዞን መዝገብ ከሳምባ ሕክምና ተነስቶ እዚህ ደረሰ።

ተጠራጣሪው ቶማስ
አሮሳ ተዘግቶ ወደ ዳቮስ ሄዷል ሲባል ሰምቻለሁ። ረጅሙ መዝገብ ተቆረጠ ማለት ነው?

እና ሌላ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብሩወር የሚባል መሣሪያ አለ። ራሱ ፀሐይን ይከተላል፣ ራሱ ይመዘግባል። ለምን ሁሉም ወደሱ አይቀየርም? ይሄ የፍቅር ጉዳይ እንዳይሆን።

ዶብሰን ጠባቂ
ትንሽ ፍቅርም አለበት፤ አልክድም።

አልተቆረጠም። ቦታ ከመቀየሩ በፊት በሁለቱ ቦታዎች ለዓመታት ጎን ለጎን ለኩ። በአየር 13 ኪሎሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። ልዩነቱን ካወቁ በኋላ ነው አሮሳን የለቀቁት። እንዲህ ሲደረግ መዝገብ ይተርፋል። ዕቃውን ሰኞ ነቅለህ ማክሰኞ ሌላ ቦታ ስትተክል ነው የሚሞተው።

ብሩወር ጥሩ ነው። አብረን እንጠቀማለን። ግን ሁለቱ በክረምትና በበጋ ጥቂት በመቶ ይለያዩ ነበር። ምክንያቱ ኦዞን አልትራቫዮሌትን የሚውጥበት ኃይል ከስትራቶስፌሩ ሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ ነው፤ ዶብሰን የሚጠቀምባቸው ሞገዶች ለዚያ የበለጠ ስሜታዊ ናቸው። አዳዲስ የላቦራቶሪ ልኬቶች ሲገቡ ልዩነቱ ጠበበ። ሁሉም በአንድ ዓመት ወደ ብሩወር ቢቀየር ኖሮ ያ ልዩነት በኦዞን ላይ የመጣ ለውጥ መስሎ ይቀመጥ ነበር። ሁለት ዓይነት ሚዛን ሲኖርህ አንዱ የሌላውን ውሸት ያጋልጣል።

ውሸት ካልን፣ ብራሰልስ አጠገብ ያለው ኡክል ጣቢያ ላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ራሱን ኦዞን አስመስሎ ቆይቷል። እሱም እዚያው ሞገድ ላይ ይውጣል። የከተማው አየር ሲጸዳ ሰልፈሩ ቀነሰ፤ መሣሪያው ግን «ኦዞን ቀነሰ» ብሎ ጻፈ። ተመራማሪዎቹ ሰልፈሩን ለይተው ሲቀንሱ መቀነሱ በአብዛኛው የይምሰል ሆኖ ተገኘ።

የማታ ተረኛ
ስለ ክትትል ካወራን ከሲኤፍሲ ጋዞች አንዱ የሆነውን የሲኤፍሲ-11ን ጉዳይ ማንም አላነሳም፤ እሱም ከመሬት የተያዘ ነው። ምርቱ ከ2010 ጀምሮ በዓለም መቆም ነበረበት። አየር ውስጥ ያለው መጠን እየቀነሰ ነበር፤ ከ2012 በኋላ ግን መቀነሱ ዘገየ። በ2018 ኔቸር ላይ የወጣው ጥናት አንድ ሰው ደብቆ እያመረተ ነው አለ፤ የልቀቱ ጭማሪ 25 በመቶ ገደማ ነበር። በዓመቱ፣ ኮሪያ ጄጁ ደሴት ላይ ያለው ጎሳን ጣቢያና የጃፓኑ ሃተሩማ የነፋሱን አቅጣጫ ተከትለው ከጭማሪው ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ከምሥራቅ ቻይና እንደሚመጣ አሳዩ። ከዚያ ልቀቱ ወረደ። ሌባው በጠረኑ ተያዘ!

ጀማሪዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ የሰዓቱን ታሪክ አልረሳውም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ። በእጅ የተጻፉ የድሮ የንባብ ወረቀቶችን ወደ ኮምፒውተር በማስገባት ማገዝ እፈልጋለሁ። ሻንክሊን እንዳደረገው። ምን ልጠንቀቅ?

ዶብሰን ጠባቂ
እሰይ። የመጨረሻውን የኦዞን ቁጥር ብቻ አትገልብጪ። ከሰሌዳው የተነበበው ጥሬ ንባብ፣ ሰዓቱ፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ ጎኑ ላይ በእርሳስ የተጫረችው ማስታወሻ ሁሉ ይግባ። ከጥር 1992 ጀምሮ ኦዞን የሚውጥበትን ኃይል የሚገልጹት ቁጥሮች ሲቀየሩ፣ ጥሬ ንባብ ያላቸው ጣቢያዎች የድሮውን በሙሉ መልሰው ማስላት ችለዋል። ካለቀ በኋላ ቶሮንቶ ወዳለው የዓለም የኦዞን ዳታ ማዕከል ይሄዳል።

ጀማሪዋ
የማይነበብ ቁጥር ሲያጋጥመኝስ? አንዳንዱ 1 ይሁን 7 አይለይም።

ዶብሰን ጠባቂ
እንዳለ ተዪው። ጥያቄ ምልክት አድርጊበትና ቀጥዪ። አትገምቺ፣ አትሰርዢም። የወረቀቱን ፎቶም አብረሽ አስቀምጪ።